ፀሐይ ያላየው እጥፍ

ከሰበታ እስከ ተጂ ድረስ ካፖርት ቆርጦ፣ ሰፍቶ፣ በሰው ትከሻ ላይ እንደ ገዛ ቆዳው አድርጎ የሚያስቀምጥ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። ጉራ ነው የሚል ካለ ጉራዬን ለብሶ የሄደውን ሰው ይጠይቅ። የወረዳው ገዥ ለጥምቀት የሚለብሱትን እኔ ሰፍቻለሁ፤ አዲስ አበባ ታዋቂ ሰፊ ዘንድ ተሰፍቶ ትከሻው የተበላሸ ኮት ሰበታ መጥቶ እኔ ጋ ተቃንቷል።

ትምህርት ቤት የገባሁት የተማሪዎችን ደንብ ልብስ ለመለካት ብቻ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ከአንድ ቄስ ዘንድ ነበር፤ ከዚያ ያለፈውን ሁሉ ራሴ ለራሴ አስተምሬያለሁ። እንግሊዝኛ የተማርኩት ጨርቅ ተጠቅልሎ ከሚመጣበት የውጭ አገር ጋዜጣና መጽሔት ነው። ሌላው ሰው ወረቀቱን ለምድጃ ሲያደርገው እኔ እየተኮስኩ አነብበው ነበር። ምሥጢር የለውም፤ መዝገበ ቃላት፣ ትዕግሥትና ጭንቅላት ነው። ሦስቱም ነበሩኝ።

ይህን የማነሳው ስለ ኢንዛይም ልጽፍ ስለሆነ ነው። አንድ ልብስ ሰፊ ስለ ኢንዛይም ምን ያውቃል የሚል አንባቢ ይኖራል። የማውቀው በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። ሳውቀው ደስ ብሎኝ አላወቅሁትም።

ታናሽ እህቴ ሱሉልታ ነበር የተዳረችው። ባሏ ሳር አጭዶ አዲስ አበባ የሚሸጥ፣ ጥቂት ላሞችም ያሉት፣ ዝምተኛ ገበሬ ነበር። ቤቱን የምታስተዳድረው እናቱ ናት። አኮ እንላታለን፤ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። የራሷ ልጆችም፣ ጎረቤቱም፣ ነጋዴውም አኮ ነው የሚላት። ከፊቷ ስሆን አንቱ እላታለሁ፤ እዚህ ግን እንደምወዳት ልጥራት።

ልጅቱ ስትወለድ ጤነኛ ነበረች። ሱሉልታ ብርድ ነው፤ በዚያ አገር ሕፃን የሚያድገው በቅቤና በፀሐይ ነው። ጠዋት ብርዱ ሰበር ሲል አኮ ልጅቱን ራቁቷን ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ለጋ ቅቤ ትቀባትና በደጁ ቁርበት ላይ አስተኝታ ፀሐይ ታሞቃታለች። ልጆቿን ሁሉ ያሳደገችው እንደዚያ ነው፤ እኔንም እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው። ይህቺ ልጅ ግን ፀሐይ ሲያገኛት ታለቅሳለች። ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ወደ ቁርበቱ ትቀብራለች። ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ ውሃ ቋጠረ። ምች ነው ተባለና ዳማከሴ ተቀባች። ሲሻላት ደግሞ እንድትጠነክር ወደ ፀሐዩ ተመለሰች። ደካማ ልጅ ይበልጥ ፀሐይ ያስፈልገዋል፤ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው። መሄድ ስትጀምር ፊቷና እጆቿ ጥቁር ጤፍ የተዘራባቸው ይመስሉ ነበር። ቆዳዋም የሕፃን መሆኑ ቀርቶ ዝናብና ፀሐይ እንደተፈራረቀበት የኮርቻ ቆዳ ደረቀ።

እህቴ አልቅሳ ሰበታ ድረስ መጣችብኝ። «አማቴ የእኔ ወገን ያመጣው ነው ማለት ጀምራለች» አለችኝ። «ባሌ ዝም ብሏል። የእሱን ዝምታ አንተ አታውቀውም፤ ሊፈታኝ ነው፤ ልጄን ትቼ ልወጣ ነው።»

አዲስ አበባ ካሉት ሆስፒታሎች የአንዱን ነጭ ጋውን የምሰፋው እኔ ነበርኩ። በዚያ አንድ ፀጉራቸው የሸበተ ሐኪም ነበሩ። እጅጌያቸው ስለሚያጥር ሁልጊዜ ለብቻ እለካቸው ነበርና እንግባባለን። ልጅቱን በነጠላ ሸፍነን ወሰድንላቸው። አገላብጠው አዩዋት፤ ዓይኗን በትንሽ መብራት ሲያዩት ጮኸች። ከዚያ ከመደርደሪያቸው አንድ የውጭ መጽሔት አወጡና እንደ መምህር ሳይሆን እንደ ሙያ ጓደኛ ከጎናቸው አስቀመጡኝ።

የነገሩኝን እንደ ሰፊ ተረዳሁት፤ ሰፊ ሆኖ የተረዳ ሰው ደግሞ በደንብ ነው የሚረዳው። በእያንዳንዱ ሕዋሳችን ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል በጣም ቀጭን፣ በጣም ረጅም ድርብ ክር አለ። ሁለቱ ክሮች እንደ ገመድ ተጠማዘዋል፤ በመሐላቸውም እንደ ዚፕ ጥርስ የተጋጠሙ ፊደላት አሉ። የሰውነታችን ልክና አቆራረጥ በሙሉ እዚያ ነው ያለው። ሕዋሱ ለሁለት ሲከፈል ሁለቱም ሙሉ ልክ ስለሚያስፈልጋቸው ክሩ መገልበጥ አለበት። የሚገለብጡት ኢንዛይሞች ናቸው። አንድ ሰፊ ብቻውን የሚሠራው ሥራ አይደለም፤ ሙሉ የስፌት ቤት ነው።

አንዱ ዚፑን እየከፈተ ይሄዳል። ዚፑ ሲከፈት ከፊት ያለው ክር እየተጠማዘዘ እንዳይቋጠር ሌላው ቆርጦ፣ አላልቶ፣ መልሶ ያያይዘዋል። አንዱ አጭር መነሻ ያኖራል፤ ዋናው ገልባጭ ከባዶ መጀመር አይችልምና። እኔም መነሻውን በእጄ ሳልይዝ የስፌት መኪናዬን ነድቼ አላውቅም። ዋናው ገልባጭ ፖሊመሬዝ ይባላል፤ በተከፈተው ክር ላይ እየሄደ ለእያንዳንዱ ፊደል ጓደኛውን ይገጥማል። እሱ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው። ይህን ስሰማ ሳቅሁ፤ የእኔም የእግር መኪና ወደ ኋላ አትሰፋም። ሁለቱ ክሮች ደግሞ ፊትና ኋላቸው የተገላበጠ ነው። ስለዚህ አንደኛው በአንድ ጉዞ ይገለበጣል፤ ሌላኛው ግን ቁራጭ በቁራጭ፣ ወደ ኋላ እየተመለሱ። ቁራጮቹን የሚያጋጥመው ሊጌዝ የሚባለው ነው። ፖሊመሬዝ የተሳሳተ ፊደል ካስገባ መለስ ብሎ ነቅሎ ይቀይራል። በዚያን ዘመን ለአንዳንዶቹ ስም እንኳ ገና አልወጣላቸውም ነበር፤ ኋላ ራሴ እየፈለግሁ ነው ያነበብኩት።

«ፀሐይስ ምን ታደርጋለች?» አልኳቸው።

«አንተ ናይለን ላይ ካውያ አሳርፈህ ታውቃለህ?»

«እኔ አላሳርፍም። ሌላ ሰው አሳርፎ ሲያመጣልኝ ግን አይቻለሁ።»

«እንደዚያ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፊደላት እርስ በርስ ይጣበቃሉ። በአንተም በእኔም በየቀኑ ይጣበቃሉ። እኛ ግን ጣፊዎች አሉን። የተቃጠለውን ቦታ ቆርጠው ያወጣሉ፤ ገልባጩ ይሞላዋል፤ ሊጌዝ ይሰፋዋል። ይቺ ልጅ ጣፊዎቿ አይሠሩም። ገልባጩ እዚያ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ አለዚያ የመሰለውን ጽፎ ያልፋል። ስህተቱም ተገልብጦ፣ ደግሞ ተገልብጦ ኋላ የነቀርሳ እባጭ ይሆናል።»

እህቴ «መድኃኒቱስ?» አለች።

«ከፀሐይ ደብቂያት። ሌላ የምሰጥሽ ነገር ቢኖረኝ አልሰስትሽም ነበር።»

እህቴ ልጅቱን ለማስተኛት ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ ሐኪሙ መጽሔቱን ዘጉ። «እንደዚህ ያሉ ልጆች ብዙ ጊዜ ለአቅመ ሔዋን አይደርሱም» አሉኝ። «ለእናቷ የምትነግራትን አንተ እወቅ።» እኔም ያን ቃል ጥርሴ ውስጥ ይዤው ወጣሁ፤ ለማንም አልነገርኩም።

ሱሉልታ ስንደርስ አኮ ደጁ ላይ ተቀምጣለች። የቅቤው ቅል ከጎኗ ነበር።

«አካም ቡልተኒ፣ አኮ?» አልኳት፤ እንደምን አደሩ ማለቴ ነው።

«ነጋ፣ ደህና ነን። ና ቁጭ በል፣ ሰፊው። ሐኪሙ ምን ሰጣችሁ?»

«ምንም።»

«አዲስ አበባ ድረስ ሄዳችሁ ምንም? ክኒን እንኳ?»

«ፀሐይ ከለከሏት።»

አኮ ሳቀች። ጥርስ ያልነበረው፣ ግን የሚያሳፍር ሳቅ ነበራት። «ከጥጃ ወተት፣ ከልጅ ፀሐይ ከልክለህ ምን ልታሳድግ ነው? አንተ ጥላ ውስጥ ተቀምጠህ ስትሰፋ ስለምትውል ፀሐይ ጠላት መሰለህ።»

ስለ ክሩ፣ ስለ ገልባጩ፣ ስለ ጣፊዎቹ ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ብዙ የተማሩ ሰዎች ሲያስረዱ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን እንደ እኔ ያስረዳ አላየሁም። ጎረቤቶች ሳይቀሩ ቆመው ሰሙኝ። አኮ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ይህን ክር አይተኸዋል?» አለች።

«በዓይን አይታይም፣ አኮ።»

«ያላየኸውን ጨርቅ ሰፍተህ ልታለብሰኝ ነዋ።» ጎረቤቶቹ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እሺ፣ ጣፊውን የከለከላት ከማን ወገን ነው? ከእናቷ ነው?» አለች።

እህቴ ውሃ ይዛ ከጓዳ ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች። ከሐኪሙ ቃል ሁሉ ይህንን ጠይቄ በማረጋገጤ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

«ከሁለቱም ነው» አልኳት። «ከአንዱ ወገን ብቻ ቢሆን ኖሮ የሌላው ጣፊ ይበቃት ነበር። ግማሹ ከእኛ ቤት፣ ግማሹ ከእናንተ ቤት ነው። ልጅዎም ተሸክሞታል፤ ማንም ሳያውቅ።»

አኮ ጎረቤቶቹን ቀና ብላ አየቻቸውና «ላም የሌላችሁ ትመስላላችሁ» ብላ በተነቻቸው። ከዚያ በኋላ ወገን ስትል ሰምቻት አላውቅም። ቅሉን ግን አላነሳችም። በማግስቱም ልጅቱን እንደምትቀባት ከፊቷ ተረዳሁ።

ሴት አማት በክርክር አትረታም። እኔም በክርክር ሳይሆን በሙያዬ መጣሁባት። «አንድ እጇን ስጡኝ» አልኳት።

«ምን ልታደርገው?»

«እጅጌ ልሰፋለት። አንዱን ብቻ። ሌላው እጇ፣ ፊቷ፣ እግሯ የእርስዎ ነው። እስከ ፋሲካ ድረስ እንይ።»

ጥቂት አሰበች። «ሌላው የእኔ ነው?»

«የእርስዎ ነው።»

ጨርቅ ፍለጋ ቡራዩ ሄድኩ። በዚያ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ነበር፤ በወፍራም ጨርቅ ከእሱ በቀር ማንንም አላምንም። ያወረደልኝን እያንዳንዱን ጣቃ ዘርግቼ ወደ ፀሐይ አነሳሁት። አቡጀዲው እንደ ወንፊት አሳየኝ። ነጋዴው ወገቡን ይዞ አየኝ።

«ለማን ነው?»

«ለሕፃን።»

በመጨረሻ ጥቁር አረንጓዴ ወፍራም ካኪ ሳነሳ «ይሄ የወታደር ነው» አለኝ። «ሕፃኑ ከማን ጋር ሊዋጋ ነው?»

«ከፀሐይ ጋር።»

መቀሱን አስቀመጠ። ነገሩን ስነግረው መልሶ አንስቶ ቆረጠልኝና «አላህ ያሸንፍላት» አለ።

እጅጌው ከትከሻዋ እስከ ጣቶቿ ጫፍ ነበር፤ እንዳይወልቅ በሌላው ብብቷ ስር የሚታሰር ማሰሪያ አደረግሁለት። ከጥምቀት በኋላ ለበሰችው። ከዚያ ወዲያ ያሉት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ሰበታ ተቀምጬ ፀሐይ በወጣች ቁጥር ያቺን ሌላኛዋን እጅ አስባታለሁ። አንዱን እጅ ለማዳን ሌላውን በፈቃዴ ሰጥቻለሁ። ሌላ መንገድ ነበረ ወይ ብዬ ብዙ አሰብኩ፤ እኔ ያላገኘሁትን መንገድ ሌላ ሰው ያገኘው ነበር ብዬ አላምንም። ቢሆንም መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ክር ሲበጠስብኝ ዋለ።

ለፋሲካ ሱሉልታ ሄድኩ። አኮ ልጅቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ማሰሪያውን ፈታች። ሁለቱን እጆች ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። ከእጅጌው የወጣው ከበፊቱ ነጥብ በቀር አዲስ አልጨመረም፤ ቆዳው ለስልሷል። ሌላው ከክንዱ እስከ ጣቶቹ ድረስ ጠቁሯል፣ ተሰነጣጥቋል፣ አንዱ ቦታ ቆስሏል። አኮ ሁለቱን በየተራ በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻቸው።  ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ከልጅቱ ግንባር ላይ ቅቤውን ጠረገች።

«ሌላውንም ስፋላት» አለች።

 ብዙ የምለው ነገር ነበረኝ፤ ዋጥኩትና መለኪያዬን አወጣሁ።

ካፖርት ሰፋሁላት፤ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ ባለ ገበር፣ ከአንገትጌው ጋር የተያያዘ ቆብ ያለው። ፊቷን የሚከልል ሰፊ ክንፍ አደረግሁበት። ሰፈሩ መጀመሪያ ቁምጥና ነው ብሎ ሸሻት። አንዲት ሴት ምንጭ ዳር ልጆቿን ስትሰበስብ አኮ አየቻትና «አትንኳት፣ ልዕልት ናት!» ብላ ጮኸች። «ልዕልት በጥላ ነው የምትሄደው። አንቺ ጥላ ያዥ ትሆኚላታለሽ?» ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጅቱ ስም ልዕልቲቱ ሆነ። በስላቅ ተጀመረ፤ ኋላ ግን በፍቅር ይጠሯት ጀመር።

እኔን ኤሱማ ነበር የምትለኝ፤ በአባቷ ቋንቋ የእናት ወንድም ማለት ነው። አንድ ጊዜ እየለካኋት «ኤሱማ፣ ፀሐይዋስ ካፖርት አላት?» አለችኝ።

«አላት። ደመና ነው።»

«ማን ሰፋላት?»

«እኔ ነኛ» አልኳት። አመነችኝ።

የሕፃን ልብስ የሚሰፋ ሰው ከታች ሰፊ እጥፍ ይተዋል፤ ልጅ ያድጋላ። እጥፉ ይፈታና ልብሱ ይረዝማል። ልጅቱ ካፖርት በጠበባት ቁጥር አዲስ እየሰፋሁ ሁልጊዜ አንድ ስንዝር እተው ነበር። የሐኪሙን ቃል እያወቅሁ እተው ነበር። እጄ የለመደውን ስለሚሠራ ምንም አልከበደኝም።

ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ከንፈሯ ጠርዝ ላይ አንድ እባጭ ወጣ። ሐኪሙ ቆረጡት፤ ተመልሶ መጣ። አንድ ዓይኗም ደመና ለበሰ። በእነዚህ ዓመታት ያልተጣፈው ሁሉ፣ ቁርበቱ ላይ ያገኛት ያ የመጀመሪያ ፀሐይ ሁሉ፣ ስህተቱ ተገልብጦ ተገልብጦ እዚህ ደርሷል። ካፖርቱ አዲሱን ፀሐይ ከለከለ እንጂ የተጻፈውን መሰረዝ አልቻለም።

በዚያው ወራት አዲስ ካፖርት ሰፍቼ ወሰድኩላት። አለበስናት፤ ልኩ እንደ ጣት ቀለበት ነበር። አኮ ከእግሯ ስር ተንበርክካ ጫፉን ገለበጠችው። ዓይኗ ደክሟል፤ ጣቷ ግን አልደከመም። እጥፉን በጣቷ ለካችው። ሁለት ጣት እንኳ አይሞላም ነበር።

«እናትሽን ሄደሽ እርጂያት» ብላ ልጅቱን ወደ ጓዳ ላከቻትና ቀና ብላ አየችኝ። «እጥፉ የት ሄደ?»

«ጨርቅ አነሰኝ፣ አኮ።»

«አንተ? ከሰበታ እስከ ተጂ እንደኔ የለም የምትለው? ጨርቅ አንሶህ ያውቃል?»

 መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ስቆም ሆን ብዬ አላሳነስኩትም። ጠመኔውን ይዤ ሳሰምር እጄ ራሱ ነው እዚያ ያቆመው። አፌ ስንት ዘመን የደበቀውን እጄ ጻፈው።

«ሐኪሙ ነግሮሃል ማለት ነው» አለች።

«ነግረውኛል።»

«መቼ?»

«ያን ጊዜ። መጀመሪያ የሄድን ጊዜ።»

«እናቷ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

አኮ የጓዳውን በር አየች። የእህቴና የልጅቱ ሳቅ ይሰማል። «እናቷ እጥፍ አታይም» አለች። «ልጅቷ ግን ታድጋለች፤ በጣቷ እየዳሰሰች እጥፉ ስንት ቀረኝ ትለኛለች። ልዕልት ስንት እንደቀራት መጠየቅ አለባት? ፍታው።»

«እዚህ?»

«እዚህ። እኔ እያየሁ።»

በሕይወቴ የሰፋሁትን ስፌት ደንበኛ ፊት ፈትቼ አላውቅም ነበር። ትርፍ ቁራጩን ከባለቤቱ አልደብቅምና በዕቃዬ ውስጥ ነበር። ደጁ ላይ ተቀምጬ ጫፉን ፈታሁ፤ ቁራጮቹን አንድ በአንድ እያጋጠምኩ ዙሪያውን ቀጠልኩና ወደ ውስጥ አጠፍኩት። ሙሉ ስንዝር ሆነ። መገጣጠሚያው ከውጭ አይታወቅም፤ እንደኔ የሚያጋጥም ሰው አልነበረም ብያለሁ። አኮ መርፌዬን እያየች እስከ መጨረሻው ተቀመጠች። ስጨርስ እንደገና በጣቷ ለካችና «አሁን ካፖርት ሆነ» አለች።

ልጅቱ አደገች። በማግስቱ ዓመት ከእጥፉ ጥቂቱ ተፈታ። ከላይ ያለው ካኪ በፀሐይ ወይቦ ሳር መስሎ ነበር፤ ከእጥፉ የወጣው ግን ከቡራዩ ሱቅ እንደገዛሁት ጥቁር አረንጓዴ ነበር። ልጅቱ በምታይበት ዓይኗ አጎንብሳ አየችውና «ኤሱማ፣ ይሄ ፀሐይ አላየውም» አለችኝ።

ከዚያ በላይ አልተፈታም። አኮ ካፖርቱን አጥባ፣ አጥፋ ሰበታ ድረስ ይዛልኝ መጣች። የራሷ ልጆች መውሰድ ይችሉ ነበር፤ ራሷ ይዛ መጣች። አሁንም እኔ ጋ ነው። ብዙ ቆንጆ ልብስ ሰፍቻለሁ፤ ከእሱ የሚበልጥ የለም። የቀረው እጥፍ እንደታጠፈ ነው፤ ቀለሙም አልለቀቀም።